እርጉዝ ሆነሽም ስታጠቢም ምን ትበያለሽ? ጎጃም ቤት ውስጥ ካለው እህል እንጀምር

እኛ ጎጃም አራስ እንዴት እንደምትያዝ ሁላችንም እናውቃለን። ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ሞልቶ ራስጌዋ ይቀመጣል፣ ጎረቤት እንቁላሉንም ዶሮውንም ይዞ ይመጣል፣ እናቷ ከሩቅ ድረስ መጥታ አጠገቧ ትከርማለች። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን ያቺው ሴት ከአንድ ወር በፊት ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ውሃ ስትቀዳ፣ ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር፣ ማታ ሁሉም በልቶ ሲጠግብ ድስት ጠርጋ ስትተኛ ዛሬ ምን በላሽ ያላት ሰው የለም። ክርስትናው ካለፈ በኋላም እንደዛው ነው፣ ገንፎው ይቀራል፣ ዶሮው ይቀራል፣ እሷ ወደ ስራዋ ትመለሳለች፣ ልጁ ግን ገና ሁለት አመት ሙሉ ከሷ ነው የሚጠባው። ስለዚህ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለአንድ ነገር ነው፣ ያንን የአራስ ቤት እንክብካቤ ወደኋላ ወደ እርግዝናው፣ ወደፊት ደግሞ ወደ ማጥባቱ እንዘርጋው። አዲስ ባህል አምጡ አላልኩም፣ ያለንን እናርዝመው ነው የምለው።

ጎጃም እኮ ጤፉ፣ በቆሎው፣ ስንዴው፣ ድንቹ የሚታፈስበት ሀገር ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም በተሰበሰበው ሀገር አቀፍ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 አመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ (ቁመታቸው ለእድሜያቸው ያጠረ) ነበሩ፣ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እህል በሞላበት ሀገር ይሄ ሲሆን ያማል። መቀንጨር ደግሞ ልጁ መሄድ ሲጀምር የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ እርግዝናው 270 ቀን፣ የልጁ ሁለት አመት 730 ቀን፣ ሲደመር 1000። ከነዚህ ቀናት አብዛኛውን ልጁ የሚበላው በእናቱ በኩል ነው።

በቀን ስንት ጊዜ?

እርጉዝ ከሆንሽ ከወትሮው ምግብሽ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ጨምሪ፣ የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምሪ። በቃ ይቺን ብቻ ብትይዢ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚገረመው የምታጠባ ሴት ከእርጉዟ የበለጠ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ሲሰማ ነው፣ እውነት ነው ግን፣ እርጉዝ ሴት ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን ከ300 እስከ 450 ካሎሪ ነው ተጨማሪ የሚያስፈልጋት፣ የምታጠባዋ ወደ 500 ይደርሳል። ወተቱ ከባዶ አይመጣም፣ ከሷ ሰውነት እየተቀነሰ ነው የሚሰራው።

ለሁለት ሰው ብይ ሲባል እጥፍ ብይ ማለት አይደለም፣ ብዙ መጠን ባንዴ ከመጫን ደጋግመሽ ብይ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ወይ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አንድ ሳህን ገንፎ፣ ወይ በወተት የተሰራ አጥሚት ከዳቦ ጋር፣ ወይ ድንች ቅቅል ከእንቁላል ጋር፣ እሱ ነው ተጨማሪው ማዕድ። እርሻ የምትወርጂ ከሆነ ወይ ገበያ የምትውይ ከሆነ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሽምብራ ቆሎ ቋጥረሽ ያዢ፣ ሆድሽን ባዶ አድርገሽ አትዋይ።

አሁን ማታ እራት ሰዓት ላይ ያለውን እንይ። መሶቡ ይቀርባል፣ አባወራውና እንግዳ ካለ እንግዳው ይበላሉ፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ እሷ እሳቱ ዳር ሆና እንጀራ ትጨምራለች ወጥ ታወጣለች ውሃ ታቀብላለች። መጨረሻ ላይ የቀረችውን እንጀራ ይዛ የሽሮው ድስት ግርጌ ላይ የተያዘውን እየጠረገች ትበላለች። ስጋውም እንቁላሉም ጎመኑም ቀድሞ አልቋል። ቤቱ ውስጥ ምግብ ስለጠፋ አይደለም እንደዚህ የምትሆነው፣ ተራዋ መጨረሻ ስለሆነ ነው። መፍትሄው ብር አይጠይቅም፣ ወጡ ከድስት ሲወጣ የሷ ድርሻ ቀድሞ በሳህን ይነሳና ይከደን። አንተ ወንድሜ ይሄን የምታነብ ከሆነ ይሄ ያንተ ስራ ነው፣ እሷ ለራሷ ቀድማ ብታነሳ ነውር ይመስላታል፣ አንተ ግን "የሷን አንሱላት" ስትል ቤቱ ሁሉ ይለምደዋል። አብራችሁ ከአንድ መሶብ ብትበሉማ ከሁሉም ይሻላል።

ክብደትሽን በየቀጠሮው ተለኪ። መካከለኛ ሰውነት የነበራት ሴት በእርግዝናው ሙሉ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ትጨምራለች ተብሎ ይጠበቃል፣ ከድሮውም ከሲታ የነበረች ደግሞ ከዛም ትንሽ በለጥ ማድረግ አለባት። ጤና ኬላ ላይ በክንድሽ ዙሪያ የሚጠመጠመው ቴፕ ከ23 ሴንቲሜትር በታች ካሳየ የምግብ እጥረት ላይ ነሽ ማለት ነው፣ ዝም ብለሽ ወደቤት አትመለሽ፣ ምን ድጋፍ እንዳለ ጠይቂ። ልጅ ሆነሽ አግብተሽ በ16 በ17 አመትሽ ያረገዝሽ ከሆነ ደግሞ ያንቺም አካል ገና እያደገ ነው፣ ጽንሱና አንቺ አንዱን ምግብ ትሻሙታላችሁ፣ ስለዚህ ላንቺ ከሌላው ሰው የበለጠ ነው የሚያስፈልግሽ።

ምን ይቅረብ?

አንዲት ቀላል መቁጠሪያ ልስጥሽ፣ በጣቶችሽ ቁጠሪ። ምግብ በ10 ምድብ ይከፈላል፣ እህልና ስራስር፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህልና ለውዝ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ስጋ ዶሮ አሳ፣ እንቁላል፣ እንደ ጎመን ያለ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ እንደ ካሮት ዱባ ማንጎ ያለ፣ ሌላ አትክልት፣ ሌላ ፍራፍሬ። በቀን ቢያንስ ከ5ቱ ይድረስሽ። እንጀራ በሽሮ ብቻ ከበላሽ ሁለት ጣት ነው የያዝሽው። ጎመን ጨምሪበት ሶስት፣ አንድ እንቁላል አራት፣ አንድ ማንጎ ወይ የተቀቀለ ዱባ አምስት። አየሽ፣ ውድ ነገር የለውም። ድንች በእንጀራ ከበላሽ ግን ሁለቱም አንድ ምድብ ስለሆኑ አንድ ጣት ብቻ ነው።

እንቁላል ላይ ትንሽ ልቆይ። ገጠር ውስጥ እንቁላሉ ተሰብስቦ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል፣ ቅቤውም እንደዛው፣ በሱ ጨው ቡና ሳሙና ይገዛል። ይገባኛል፣ የሴቷ እጅ ላይ ያለ ብር እሱ ብቻ ነው። ግን ዶሮዎቹ ከጣሉት ውስጥ በየቀኑ ባይሆን እንኳን በሳምንት ሶስት አራቱ ለእርጉዟ ይቅር። በእንቁላሉ ምትክ ከገበያ ከሚመጣው ነገር ውስጥ እሱን የሚተካላት የለም።

ባህር ዳር፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ ጣና ዳር ላላችሁ አሳ ቅርባችሁ ነው፣ ቆሮሶውንም አምባዛውንም በደንብ አብስላችሁ ብሉ። አዊና ምዕራብ ጎጃም ያላችሁ ደግሞ ግብጦ አላችሁ፣ ሰው የአረቄ ቤት ቆሎ አርጎ ይንቀዋል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ከፍተኛ ነው። ብቻ ተጠንቀቂ፣ ታምሶ ውሃው እየተቀየረ ወይ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ካልወጣለት መርዝ አለው፣ ቀምሰሽ ከመረረሽ ተፊው። ጓያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በችግር ጊዜ የጓያ ሽሮ ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩ ሽባ እስከመሆን ይደርሳል፣ ስለዚህ ሽሮሽ የሽምብራ፣ የባቄላ፣ የአተር ይሁን።

ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ፓኬቱ ላይ አይተሽ ግዢ። ደጋው ላይ እንቅርት ብዙ ሰው ላይ እናያለን አይደል፣ ያ የአዮዲን እጥረት ነው፣ እርጉዝ ላይ ሲሆን ደግሞ ውርጃ ሊያመጣ ይችላል፣ የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል። ጨውን ክዳን ባለው እቃ አስቀምጪው፣ ጸሀይና እሳት ዳር አታድርጊው፣ ወጥ ውስጥ የምትጨምሪውም ከእሳት ሊወርድ ሲል ይሁን፣ አዮዲኑ በሙቀት ይጠፋልና።

አጥሚቱን ከአራስ ቤት በፊት ጀምሪው ብያለሁ፣ እንዴት እንደማዘጋጅ ልንገርሽ። ሶስት እጅ እህል (አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ያለሽን ቀላቅይ) አንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ ወይ ባቄላ)። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፊውና ጠዋት አጥለሽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ ጫፉ ብቅ እስኪል አንድ ሁለት ቀን አቆይው፣ ከዛ በጸሀይ አድርቀሽ አምሰሽ ከክተሽ ከእህሉ ጋር አስፈጪው። ይሄ መብቀሉ ዝም ብሎ ልፋት አይደለም፣ ጥራጥሬና እህል ውስጥ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት (አይረን) እና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል፣ እንጀራ እርሾ ገብቶበት ሲቦካም የሚሆነው ይሄው ነው። ስታፈዪው ውሃ ብቻ አታርጊበት፣ ወተት ካለ ወተት፣ ጾም ከሆነ የተቆላ ተልባ ወይ ለውዝ ወቅጠሽ ጨምሪ። ዱቄቱን ደረቅ ቦታ አስቀምጪ፣ ሻጋታ የያዘ እህል ግን ለእርጉዝም ለማንም አይሁን።

ደም ማነስና አይረን

"ቀይ ጤፍ እየበላሁ ደሜ ለምን ያንሳል" የምትል ሴት ሁሌ ታጋጥማለች። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ ግን ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን የሚወስደው ትንሹን ነው፣ ከስጋ የሚገኘውን ይበልጥ ይወስዳል። ከእህሉ የሚወሰደው እንዲጨምር ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮት ይበላ፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂ፣ ሽሮው ከቃሪያ ስንግ ጋር ይቅረብ፣ ከምግብ በኋላ የዘይቱን ፍሬ ወይ ብርቱካን ብይ። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያረጋሉ፣ ብረቱን ያስሩታል፣ ስለዚህ ምሳ እንደተበላ ወዲያው ቡና የሚጠጣው ነገር ለእርጉዝ አይሆንም፣ ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃም። ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ አይረን ፎሊክ አሲድ ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ነው፣ በቀን አንድ፣ ቢያንስ 90 ቀን፣ ከዛም በላይ ብትወስጂ ጥሩ። ብዙዎች ጀምረው ያቆሙታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል እያሉ። ሰገራው መጥቆሩ ምንም አይደለም፣ ብረቱ ነው። ማቅለሽለሹ እንዲቀንስ ማታ ልትተኚ ስትይ ከትንሽ ምግብ ጋር ዋጪው፣ በሎሚ ውሃ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይሰራል፣ በወተትና በሻይ ግን አትውሰጂው። ለሆድ ድርቀቱ ውሃ ጠጪ፣ ጎመን፣ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በውሃ። ልጄን ያገዝፍብኛል ብለሽ ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ አታስቀምጪ። ከወለድሽ በኋላም እስከ ሶስት ወር ሊያዝልሽ ስለሚችል ጠይቂ።

ደም የሚያሳጣው የምግብ ነገር ብቻም አይደለም፣ የሆድ ትላትልና ወባም አለ። አባይ በረሃ አካባቢና ቆላው ያላችሁ አጎበር ውስጥ ሳትገቡ አትተኙ። የትላትል መድሃኒት ከመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት በኋላ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ኮሶና እንቆቆ ግን በፍጹም፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ የሚያምርሽ ከሆነም አትፈሪ አትደብቂው፣ ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው፣ ንገሪያቸውና ይመርመሩሽ።

"ይሄን አትብላ" የሚባለው

ተልባ አትጠጪ ልጁ አናት ላይ ይለጠፋል፣ ሙዝና ወተት አትብይ ነጭ ሆኖ ገላው ላይ ይወጣል፣ ገንፎና ቅባት አታብዢ ልጁ ገዝፎ ምጥ ይጸናብሻል፣ እንደዚህ የሚሉ ነገሮች ምስራቅ ጎጃም ውስጥ በተለይ አሁንም አሉ። እናቶቼ፣ እናንተ ይሄን የምትሉት ለልጃችሁ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምጥ የጸናባትን ሴት ስላያችሁ ነው። ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ግን ተልባም ወተትም አይደለም፣ ቆዳውን ውሃው ውስጥ እያለ እንዲጠብቀው ሰውነቱ ራሱ የሚሰራው ቅባት ነው፣ ወተት በአፏ ገብቶ የማያውቅ እናት ልጅም ይዞት ይወለዳል።

ምጥ የሚጸናውም ብዙ ጊዜ ዳሌ ሲጠብ፣ የልጁ አቀማመጥ ሲዛባ፣ እናትየዋ ገና ልጅ ስትሆን ነው። እርጉዟ በመራቧ ዳሌዋ አይሰፋም። በመራቧ የሚመጣው ሌላ ነው፣ ልጁ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ይወለዳል፣ ቶሎ ይታመማል፣ እሷም ደም ሲፈሳት የምትቋቋምበት አቅም አይኖራትም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የምንፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ሆዷ ሲገፋ ምግብ መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ጨጓራዋን ጽንሱ ስለሚገፋው ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ቶሎ ቶሎ ይሰጣት።

የእውነት መተው ያለባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። ጥሬ ስጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት በእርግዝና ጊዜ ይቅር፣ በሽታ ያመጣሉ። ጉበት ብረት አለው ግን ቫይታሚን ኤው በጣም ብዙ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት አታዘውትሪው። ጫት አይሆንም። አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ ቅራሪም ቢሆን አይሆንም፣ "ደም ያፈላል ወተት ያመጣል" እየተባለ ነው የሚሰጣት ግን አልኮሉ በቀጥታ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ስታጠባም ወደ ወተቱ ይገባል። ማህበር ላይ ዝክር ላይ "ቅመሺ እንጂ" ሲሉሽ ለሷ ውሃ ወይ ለስላሳ አምጡላት የሚል አንድ ሰው አጠገብሽ ይኑር። ቡናን ፈጽሞ ተይ አልልም፣ ግን አቦል ቶና በረካ ሙሉውን ሳይሆን በቀን አንድ ሁለት ስኒ ይብቃሽ። አብሽ ወጥ ውስጥ የገባችው ችግር የለባትም፣ አብሽ ዘፍዝፎ በብርጭቆ መጠጣት ግን እስክትወልጂ ይቆይ።

መጀመሪያ ላይ ለሚያስመልስሽ ደግሞ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ዳቦ ወይ ቆሎ ቅመሺ፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ፉት በይ፣ የወጥ ሽታ የሚረብሽሽ ከሆነ ሌላ ሰው ይስራ። ውሃ እንኳን አልቀመጥልሽ ካለ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለቃር በርበሬ ቀንሺ፣ በልተሽ ወዲያው አትተኚ።

ጾሙስ?

ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ሁሉም ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ ረቡዕና አርቡ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲደመር የአመቱን ግማሽ ያህል ይይዛል፣ አንድ እርግዝና ሳይጾምበት የሚያልፍ የለም። እኔም የምጾም ሰው ነኝ፣ ጾሙን የማቃልል አይደለሁም። ግን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንድትበላ አባቶች ይፈቅዳሉ፣ ቤተክርስቲያን የታመመንና አቅም የሌለውን አታስገድድም። ብዙ ሴት የምትጾመው አባ ከልክለዋት ሳይሆን ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ነው። ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ፣ ከባልሽ ጋር፣ ቢቻል ከአማትሽ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፣ ቃሉን ሁሉም አብሮ ይስማው። ሙስሊም እህቶቼም እንደዚሁ፣ በረመዳን እርጉዝና አጥቢ ለራሷ ወይ ለልጇ ከፈራች እንድታፈጥርና በኋላ እንድታካክስ ሃይማኖቱ ይፈቅድላታል።

አይ እኔ ከወተትና ስጋው እጾማለሁ ካልሽ ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትዋይ፣ ከሁሉም የሚጎዳው እሱ ነው። ጠዋት አጥሚት በለውዝ ወይ በተልባ፣ ቀን ምስር ወይ ሽሮ በጎመንና በሎሚ፣ ማታ ሱፍ ፍትፍት ወይ ኑግ፣ ስልጆ ካለ ስልጆ፣ አቮካዶ ካለ አቮካዶ። ዘይት አትሰስቺ። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ግን ከእንስሳ ምግብ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ለረጅም ጊዜ የምትጾሚ ከሆነ ለምትከታተልሽ አዋላጅ ንገሪያት።

ከወለድሽ በኋላ

ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ወፍራሟ ቢጫዋ እንገር አትታለብም አትደፋም፣ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት እሷ ናት። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ መስጠት ይቅር፣ 6 ወር ሙሉ ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም፣ ቆላ ላይ ብትሆኑም። ቅቤውን እናቲቱ ትብላው።

"ወተቴ ጠፋ" የምትል ብዙ ናት። ወተት የሚጨምረው በመጥባቱ ነው፣ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፣ አንዱን ጡት ባዶ አርጎ ወደ ሌላው ይሂድ። ከሲታ እናትም ብትሆን ለልጇ የሚበቃ ወተት አላት፣ ችግሩ ወተቱ የሚሰራው ከሷ አጥንትና ከሷ ደም መሆኑ ነው፣ ልጁ ሲደልብ እሷ ቀና ስትል ያዞራታል። ያጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ወይ አጥሚት አጠገብሽ ይኑር፣ ስለሚጠማሽ። ጎመንና ሽሮ ስትበዪ የልጁ ሆድ ይነፋል እያሉ ከከለከሉሽ አትስሚ፣ እንደዛ እያሉ ምግቡን ሁሉ አስቀርተው በደረቅ እንጀራ ያስቀሩሻል።

አሁን ክርስትናው፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። ከዛ በኋላ ጾሙም ስራውም ባንዴ ይመለስባታል። እኔ የምላችሁ ለክርስትናው ጠላ ሲጠመቅ ድግስ ሲደገስ ከዛው ላይ ለሷ የሚሆን አንድ ቁና የአጥሚት እህል ለብቻው ይቀመጥ፣ ቅቤም ከተቻለ በትንሽ ቅል። ክርስትና እናትና ክርስትና አባት የሚሆኑ ሰዎችም ከልብሱ ጎን አንዲት ዶሮ፣ እንቁላል የምትጥል፣ ቢያመጡላት በጣም ደስ ይለኛል። ሁለቱን ተጨማሪ ማዕድ ደግሞ ሰዓት ስጪው፣ አንዱ ረፋድ፣ አንዱ ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ ሌሊት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት ንጋት ላይ ነው የሚደክማት። ልጁ 6 ወር ሞልቶት ገንፎ ሲጀምርም ያንቺ ሁለቱ ማዕድ አይቀሩም፣ መጥባት እስከሚያቆም ድረስ ነው።

ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለብሽ ከሆነ የምግብሽን ነገር ከሚከታተልሽ ባለሙያ ጋር ለብቻ ተነጋገሪ። ክትትሉን ከ12ኛው ሳምንት በፊት ጀምሪ፣ በእርግዝናው 8 ጊዜ መታየት ነው የሚመከረው። ከባድ ራስ ምታት፣ አይንሽን ማጭበርበር፣ ፊትና እጅሽ ማበጥ፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየሽ ምግብ አስተካክላለሁ ብለሽ አትቆይ፣ የዛኑ ቀን ሂጂ። መንገዱ እንደልብ የማይኬድበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ወርሽ ሲገባ ቀደም ብለሽ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ ግቢ፣ ስትሄጂም ያን የአጥሚት ዱቄትና የተረፈሽን አይረን ኪኒን በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ።